ላላየነው ሾፌር የተላከ ሰላምታ

ጀማሉዲን፦ ኧረ ጋሼ ሀብቴ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ! ፍየል ለመጠየቅ ከሰባ ሰባቱ ድርቅ ይጀመራል?

ሀብተ ሥላሴ፦ ታዲያ ከየት ልጀምር? ሰውየው አያውቀኝም። ማን እንደሆንኩ ሳልነግረው እጄን ብዘረጋለት ምን ይለኛል?

ጀማሉዲን፦ እስቲ የጻፉትን ያሰሙኝ።

ሀብተ ሥላሴ፦ (መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ አደላድለው፣ ስልኩን እንደ ዳዊት ከፍ አድርገው) «ይድረስ ለተከበሩ የከባድ መኪና አሽከርካሪ ለአቶ ሰላሀዲን። ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይግባውና ደህና ነኝ። በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ገና ጎረምሳ ሳለሁ፣ ከደላንታ በእግሬ ወደ ቆላ ወረድኩ። ረሃብ አድክሞኝ ሚሌ መንገድ ዳር ወድቄአለሁ። ዓይኔ ጨልሟል። ጆፌ አሞራ ከራሴ በላይ ይዞራል...»

ጀማሉዲን፦ ፍየሏስ?

ሀብተ ሥላሴ፦ ትመጣለች። ገና ሰላምታው ላይ ነኝ። ቀጥሎ አንድ የአፋር ግመል ነጂ ስሜን እንኳ ሳይጠይቅ ወተት ያጠጣኛል። ከዚያ እነሳለሁ። ከዚያ ወደ ፍየሏ እንገባለን።

ጀማሉዲን፦ እርስዎ እስኪነሱ ፍየሏ ጅቡቲ ገብታ ፈረንሳይኛ ትለምዳለች!

(ሎጊያ ነው፤ የጀማሉዲን ምግብ ቤት በረንዳ። ፀሐይዋ አናት ላይ ወጥታ ጥላውን ከግድግዳው ሥር አጣብቃዋለች። ተሳቢዎች እያጓሩ ወደ ድንበሩ ያልፋሉ። ጋሼ ሀብተ ሥላሴ ዕድሜያቸውን በጎሚስታነት የጨረሱ ሰው ናቸው፤ ዛሬ ግን ጎማ አላሳሰባቸውም። ሰመራ ያለችው ልጃቸው ራኬብ ሕፃን ልጇን ጡት ካስጣለችው ወዲህ የቆርቆሮው ወተት አልስማማው ብሎ ልጁ ከስቷል። ሐኪሙም የፍየል ወተት ፈልቶ ይሞከር ብሏል። አዋሽ ያለችው እህታቸው ውብነሽ ይህን ስትሰማ የምታልባትን አንዲት ፍየሏን ፈታ፣ ትናንት ማታ ወደ ጅቡቲ የሚወርድ ባዶ ተሳቢ አስቁማ፣ «ሎጊያ አውርድልኝ፣ አደራህን» ብላ ሰጠችው። በዚህ መንገድ አደራ የሚላከው እንዲህ ነው። ሾፌሩ ዘመድ መሆን የለበትም፤ መንገደኛ መሆኑ ይበቃል። ረፋዱ ሲያልፍ ግን ፍየሏ የለችም።)

ጀማሉዲን፦ ለምን አይደውሉለትም?

ሀብተ ሥላሴ፦ ደወልኩ። ውብነሽ ነግራኛለች፤ እየነዳ ስልክ አያነሳም። ሲቆም ነው ቴሌግራሙን የሚያየው።

ጀማሉዲን፦ እንግዲያው ይስሙኝ። እኔ በቀን ከስንት ሾፌር ጋር ነው የምጻጻፈው። በኢንተርኔት ላይ ሰላምታ የሚባል ነገር የለም። ሰው ጊዜ የለውም። «ፍየል» ይበሉና የጥያቄ ምልክት ያድርጉበት። አለቀ።

ሀብተ ሥላሴ፦ ከኋላው መጥቼ «ፍየል!» ብዬ ብጮህበት አይደነግጥም?

ጀማሉዲን፦ በስልክ ማንም አይደነግጥም።

ሀብተ ሥላሴ፦ ስልኩ አይደነግጥም። የያዘው ሰው ነው የሚደነግጠው።

ጀማሉዲን፦ ደግሞ «እርስዎ» ምን አመጣው? በዚህ መንገድ ሾፌርን እርስዎ የሚለው ትራፊክ ፖሊስ ብቻ ነው። «መንጃ ፈቃድዎን» ሊሉት መስሎት መሪውን ይለቃል!

ሀብተ ሥላሴ፦ ያላየሁትን ሰው አንተ አልልም። ምናልባት እኩያዬ ይሆናል።

ጀማሉዲን፦ ምናልባት ልጅዎ የሚሆን ነው።

ሀብተ ሥላሴ፦ ልጄም ቢሆን መጀመሪያ እንተዋወቅ።

ጀማሉዲን፦ ያ ረቢ! እሺ፣ ቢያንስ በእንግሊዝ ፊደል ይጻፉት። እኔ እንደዚያ ነው የምጽፈው፤ ይፈጥናል።

ሀብተ ሥላሴ፦ አማርኛውን?

ጀማሉዲን፦ አማርኛውን።

ሀብተ ሥላሴ፦ በተውሶ ሱሪ ሠርግ መሄድ በለው። ያሳፍራል፤ ደግሞም ይጠባል። (ስልኩ ድምፅ አሰማ።) ምንድን ነው ይሄ የሚጮኸው?

ጀማሉዲን፦ መልስ ነው።

ሀብተ ሥላሴ፦ የምን መልስ? ገና አልላክሁም።

ጀማሉዲን፦ (አጎንብሶ አይቶ) ጋሼ! ይሄ ሁሉ እኮ ተልኳል! ዓረፍተ ነገር በጨረሱ ቁጥር ቀስቷን ሲጫኑ ነበር?

ሀብተ ሥላሴ፦ አዎ፤ አዲስ መስመር ለመጀመር።

ጀማሉዲን፦ ቀስቷ መላኪያ ናት!

ሀብተ ሥላሴ፦ ወደፊት ታመለክታለች እኮ! ቀጥል የምትለኝ መስሎኝ።

ጀማሉዲን፦ ደግሞ ኔትወርኩ ጉድ ሠርቶዎታል። ሰላምታው አልሄደም። ሰባ ሰባትም አልሄደም፤ እዚሁ ተገትሯል። የሄደው መጨረሻው ብቻ ነው። «ረሃብ አድክሞኝ ሚሌ መንገድ ዳር ወድቄአለሁ። ዓይኔ ጨልሟል። ጆፌ አሞራ ከራሴ በላይ ይዞራል።»

ሀብተ ሥላሴ፦ ሰላምታው አልደረሰም? እንደ ባለጌ ዘልዬ ገባሁበት በለኛ! መልሱ ምን ይላል?

ጀማሉዲን፦ (እያነበበ) «አባቴ፣ የት ጋ ነው የወደቁት? ከሚሌ ወዲህ ነው ወዲያ? ውሃ ይዘዋል? አይዞዎት፣ ጥላ ካገኙ ከዚያ እንዳይንቀሳቀሱ። እኔ ሰርዶን አልፌአለሁ፤ ከኋላዬ የሚመጡ ጓደኞች ግን አሉኝ።»

ሀብተ ሥላሴ፦ (ፊታቸው በርቶ) አየኸው? እርስዎ ነው ያለኝ። አላልኩህም? የሰው ልጅ ነው።

ጀማሉዲን፦ ጋሼ፣ ሰውየው ስምዎንና ፎቶዎን ቴሌግራሙ ላይ አይቶ፣ አሁን እየሞቱ ነው ብሎ ነው!

ሀብተ ሥላሴ፦ እንዴት አሁን? እኔ ያልኩት የድሮውን ነው።

ጀማሉዲን፦ ድሮው የት ተጻፈ? ድሮው ኔትወርክ አጥቶ ቆሟል! ይስጡኝ፣ እኔ በአንድ ቃል አስተካክለዋለሁ። (ስልኩን ወስዶ አውራ ጣቶቹን እንደ ከበሮ መቺ አፈጠነ።) ሄደ።

ሀብተ ሥላሴ፦ ምን አልከው?

ጀማሉዲን፦ «ተወው እሱን። ፍየሏ የታለች? ቶሎ።»

ሀብተ ሥላሴ፦ ማን መሆንህንስ?

ጀማሉዲን፦ ማን መሆኔ ለፍየሏ ምን ያደርግላታል?

ሀብተ ሥላሴ፦ አሁን ከእኔ ጋር እያወራ አልነበረም እንዴ? በመሃል ሌላ ሰው ሲገባ በምን ይወቅ? ፊትህ አይታየው፤ ድምፅህ አይሰማው።

ጀማሉዲን፦ መለሰ! «አንተ ማን ነህ? ሽማግሌውን ምን አደረግሃቸው?»

ሀብተ ሥላሴ፦ በል ስምህን ንገረውና ይቅርታ ጠይቀው።

ጀማሉዲን፦ ይቅርታ? ፍየል ይዞ የጠፋው እሱ፣ ይቅርታ የምጠይቀው እኔ? ልክ ነው የማስገባው። (እየጻፈ) «ሽማግሌው ምንም አልሆኑም። ይልቅ ፍየሏን አምጣ፣ ሌባ!»

ሀብተ ሥላሴ፦ (ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው) ጀማል! በእኔ ስልክ ሰው ሌባ አልክ? በስሜ?

ጀማሉዲን፦ አንዳንዱ እንዲህ ካልተባለ አይነቃም።

ሀብተ ሥላሴ፦ ልጁ ወተት እየጠበቀ ነው። ይሄ ሰው ተቀይሞ ፍየሏን ገደል ቢሰዳት ለራኬብ ምን ብዬ ልንገራት? ጀማል ሾፌሩን አነቃው ልበላት?

ጀማሉዲን፦ መጣ፣ መጣ። «ስልካቸውን ቀምተህ ነው? መሬት ላይ የወደቀ ሰው ትዘርፋለህ? ቆይ፣ አገኝሃለሁ።» (ሳቅ ብሎ) ከየት ነው የሚያገኘኝ? አላህ ያሳያችሁ! እሱ ሰርዶ ማዶ፣ እኔ ሎጊያ።

(ሳቁን ሳይጨርስ የራሱ ስልክ ጮኸ። ወዲያው ደገመ። ከዚያማ አላቆም አለ። ጀማሉዲን የሾፌሮች ቴሌግራም ቡድን አባል ነው፤ በየቀኑ የሠራውን ምግብ ፎቶ የሚለጥፈው እዚያ ላይ ነው። አወጣና አየ፤ ሳቁ ከፊቱ ላይ ወረደ።)

ሀብተ ሥላሴ፦ ምን ሆንክ?

ጀማሉዲን፦ ምንም።

ሀብተ ሥላሴ፦ አንብበው።

ጀማሉዲን፦ «አስቸኳይ። ሀብተ ሥላሴ የሚባሉ አባት ሚሌ መንገድ ዳር በረሃብ ወድቀዋል። ስልካቸውን አንድ ቀማኛ ይዞታል። ቀማኛው ስለ ፍየል ይቀባጥራል፤ አጉል ነገር የወሰደ ይመስላል። ያየ ይያዘው።»

ሀብተ ሥላሴ፦ ማርያም ድረሽ!

ጀማሉዲን፦ ቀጥሎ ሌላው፣ «እኔ ሚሌ ነኝ፣ መንገዱን ዳር ዳሩን እያየሁ ነው።» ሌላው፣ «ውሃና ብስኩት ይዣለሁ።» ሌላው... (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) «እኔ ደግሞ የጎማ መፍቻ ብረት ይዣለሁ።»

ሀብተ ሥላሴ፦ ሰው ሥራውን ትቶ በዚህ ሐሩር ይፈልገኛል! እኔ እዚህ ጥላ ሥር ሻይ እየጠጣሁ!

ጀማሉዲን፦ እርስዎን የሚፈልጉት በብስኩት ነው። እኔን ነው በብረት! ደንበኞቼ ናቸው እኮ፤ ማታ ሁሉም እዚህ ነው የሚበሉት!

ሀብተ ሥላሴ፦ በስልክ ማንም አይደነግጥም አላልክም?

ጀማሉዲን፦ ጋሼ፣ በፈጠረዎት! ይጻፉለት። በእርስዎ አጻጻፍ። እርስዎም ይበሉት፣ የተከበሩም ይበሉት፣ ከፈለጉ ክቡር አምባሳደር ይበሉት!

(ጋሼ ሀብተ ሥላሴ ስልኩን ተቀበሉ። ጎማ ሲፈነዳ የማይደነግጡ ሰው፣ የማያውቁት ሰው በእሳቸው ሰበብ ሲሰደብና ሌላው በእሳቸው ሰበብ በረሃ ለበረሃ ሲባዝን ግን ደነገጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስቷን እንደ እባብ ራስ እየሸሿት ጻፉ።)

ሀብተ ሥላሴ፦ ስማ፣ ከመላኬ በፊት። «ወንድሜ አቶ ሰላሀዲን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔ ሎጊያ ላይ በጤና ተቀምጫለሁ። የወደቅሁት በጎረምሳነቴ ነው፤ ተነስቻለሁ። ስልኬን ይዞ ክፉ ቃል የጻፈው ቀማኛ አይደለም፤ ወዳጄ ነው። ልቡ ደህና ነው፣ ጣቱ ግን ይቀድመዋል። ጓደኞችዎን ስላደከምኩ አፍሬአለሁ። የጻፍኩልዎ እህቴ ውብነሽ አዋሽ ላይ አደራ የሰጠችዎትን ፍየል ፈልጌ ነው። የልጅ ልጄ ወተቷን ይጠብቃል። የት እንዳለች ቢነግሩኝ ውለታዎን አልረሳም።»

ጀማሉዲን፦ «ጣቱ ግን ይቀድመዋል» የሚለው ይቅር።

ሀብተ ሥላሴ፦ እሱ ነው ከብረቱ የሚያድንህ። (ላኩት። ሁለቱም ስልኩ ላይ አቀረቀሩ። አንድ ተሳቢ አቧራውን አልብሷቸው አለፈ። ማንም አላራገፈም።) መጣ። አንተ አንብበው፤ መነጽሬን ላብ ሸፈነው።

ጀማሉዲን፦ «አባቴ፣ እንኳን በጤና ቆዩልኝ። ለጓደኞቼ እነግራቸዋለሁ፤ አይሳቀቁ። ስለ ፍየሏ ግን ግራ ገባኝ፤ ያደረስኳት ስለሆነች ስለ እሷ ነው ብዬ አላሰብኩም። ዛሬ ንጋት ላይ እኮ ሎጊያ አድርሻታለሁ። እህትዎ የነገሩኝ ምግብ ቤት ሄጄ ጓሮው ውስጥ አሰርኳት። ባለቤቱ ሱብሂ ሊሰግድ ሄዷል አሉኝ። በር ላይ ቴሌግራሙ ተጽፎ ስላገኘሁ መልእክት ተውኩለት። ፍየሏ የእህትዎ እንደሆነች፣ ወንድማቸው እንደሚወስዷት፣ የምትታለብ ስለሆነች ከእርድ ፍየሎች ጋር እንዳትቀላቀል፣ ሁሉንም በዝርዝር ጻፍኩለት። ባለቤቱም አውራ ጣቱን ላከልኝ። ተረክቧል ብዬ መንገዴን ቀጠልኩ።»

ሀብተ ሥላሴ፦ ተባረክ! ቃሉን ጠብቋል። ውብነሽ ሎጊያ ብቻ ነው ያለችኝ፤ የማን ምግብ ቤት ነው ታዲያ? ይሄን አውራ ጣቱን ብቻ የላከውን ሰው አሁኑኑ ሄደን እንጠይቀው። ስሙን አልጻፈውም?

ጀማሉዲን፦ ጽፎታል።

ሀብተ ሥላሴ፦ ማን ይላል?

ጀማሉዲን፦ (ወደ ራሱ ስልክ ዞሮ ጠዋት የመጣውን እየፈለገ) «አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ለማላውቅዎ የተከበሩ ወንድሜ፣ የምግብ ቤቱ ባለቤት...» አዎ። ይኸው። እዚህ አለ።

ሀብተ ሥላሴ፦ ጀማል?

ጀማሉዲን፦ ረጅም ነበር ጋሼ! ሰላምታውን ሳየው መዋጮ የሚጠይቅ መስሎኝ።

ሀብተ ሥላሴ፦ አነበብከው?

ጀማሉዲን፦ ወራህመቱላሂ ድረስ።

ሀብተ ሥላሴ፦ ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ አውራ ጣት?

ጀማሉዲን፦ ለሁሉም እኮ ነው የምልከው! እንዳይቀየሙ ብዬ!

ሀብተ ሥላሴ፦ (ትንፋሻቸውን ለቀው) ደግ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ፍየሏ ጓሮህ ናት ማለት ነው። ደጅ ላይ ተቀምጠን ድንበር ስናስስ! በል ሂድ አውጣልኝ። ምነው? ለምን አትሄድም?

ጀማሉዲን፦ ጋሼ... አራጃችን ናስር ጠዋት ጠዋት የእርድ ፍየል አምጥቶ እዚያው ጓሮ ያስራል።

ሀብተ ሥላሴ፦ እና?

ጀማሉዲን፦ ዛሬ አንዲት ፍየል ታስራ ሳይ የሱ መስላኝ... ከዙህር ሶላት በኋላ እረዳት ብዬዋለሁ።

ሀብተ ሥላሴ፦ ዙህር ስንት ሰዓት ነው?

ጀማሉዲን፦ ሰው ከመስጊድ እየወጣ ነው!

(ወንበሩን ገልብጦ ወደ ጓሮ በረረ። ጋሼ ሀብተ ሥላሴ ሊከተሉት ተነስተው በሩ ድረስ ሄዱ። መቃኑን ይዘው ቆሙ። ራኬብ ልጇን አዝላ በመስኮት ወደ መንገዱ ስታይ በዓይናቸው መጣችባቸው። ከውስጥ የድስት መክደኛ ወደቀ፤ አንድ ሰው ጮኸ፤ ከዚያ ጸጥ አለ። በመጨረሻ አንዲት ፍየል ጠግባ እንዳደረች እመቤት ዘና ብላ «እምቤ» አለች። ጀማሉዲን ገመዷን ይዞ ወጣ፤ አንድ እግሩ ባዶ ነው።)

ጀማሉዲን፦ አልሐምዱሊላህ! ናስር ቢላውን ስሎ ቁጭ ብሎ አገኘሁት።

ሀብተ ሥላሴ፦ ምን ይጠብቃል?

ጀማሉዲን፦ የእኔን መልስ። «አንተ የገዛሃት መስሎኝ ነበር፤ ግቷ ግን ሙሉ ነው፤ የምትታለብ ፍየል ማረድ ነውር ነው ብዬ ጻፍኩልህ። እሺ ካልከኝ ልረድ፣ እምቢ ካልከኝ ልተው ብዬ ስጠብቅህ ነበር» አለኝ።

ሀብተ ሥላሴ፦ አንተስ ምን ብለህ ነበር?

ጀማሉዲን፦ ከሾፌሮቹ ጩኸት ጋር ተደባልቆ አላየሁትም።

ሀብተ ሥላሴ፦ (ፍየሏን እያሻሹ) የአምላክ ሥራ! ለእሱ አውራ ጣትህ ሳትደርስለት ቀረች!

ጀማሉዲን፦ (ላቡን እየጠረገ ተቀመጠ፤ ስልኩን አወጣ) ቆይ፣ ለሾፌሮቹ ይቅርታ መጠየቅ አለብኝ። ያድምጡኝ። «ይድረስ ለተከበራችሁና ለተወደዳችሁ፣ በሌት በቀን፣ በሐሩር በአቧራ አገር ለምታቀኑ አሽከርካሪ ወንድሞቻችን። ለጤናችሁ እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ከወሎ ምድር ከመጣሁበት ጊዜ አንሥቶ...»

ሀብተ ሥላሴ፦ አሳጥረው፣ አሳጥረው! ሰው ፀሐይ ላይ ቆሞ እየፈለገኝ ነው! «ስሜ ጀማሉዲን ነው፤ አጥፍቻለሁ፤ ሽማግሌው ደህና ናቸው፤ ተመለሱ» በላቸው።

ጀማሉዲን፦ ሰላምታ ሳልል?

ሀብተ ሥላሴ፦ ሰላም በላቸው። አንዴ ይበቃል።

ጀማሉዲን፦ አሁን ደግሞ አጭር ሆነ? ጋሼ፣ አልገባኝም። እንግዲህ ለማያውቁት ሰው ሲጻፍ ዋናው ነገር ምንድን ነው?

ሀብተ ሥላሴ፦ (ባጃጅ አስቁመው፣ ፍየሏን ከጎናቸው አስቀምጠው፣ አንገቷን እንደ ልጅ አቅፈው) እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው፤ ከመኪና በርና ከሲሚንቶ ከረጢት ላይ። ሰዉ ሁሉ «በዚህ ዕድሜህ ለማን ልትጽፍ ነው?» እያለ ይስቅብኝ ነበር። ለማንም ልጽፍ አልነበረም። የጻፈልኝን ሰው በሌላ ሰው አፍ እንዳልሰማው ብዬ ነው። እኔም ዛሬ በሰላምታው ስንት ሰው አባዘንኩ፤ አጻጻፉን ገና እማራለሁ። ዋናው ግን እሱ ነው ጀማል፤ አንድ ሰው ላንተ ብሎ ከጻፈ፣ እስከ መጨረሻው አንብብለት። አውራ ጣትህን ለጉርሻ አስቀምጣት።